እቴን ያልያዘው መዝገብ

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «ፕሮግራም እጽፋለሁ» ስል፣ ሰውየው ወዲያው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እንግዲያውስ ይቺን እይልኝ፣ ትግላለች» ይለኛል። ስልክ አልጠግንም። ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጬ የሰውና የዕቃ ዝርዝር የሚይዙ ፕሮግራሞችን እሠራለሁ፤ ለትምህርት ቤት የተማሪ፣ ለመድኃኒት ቤት የመድኃኒት። ኢንተርኔት ሲኖር በኢንተርኔት፣ ሲቋረጥም ያለ ኢንተርኔት። በዚህ ሥራ ሰው አይጎዳም ብዬ አምን ነበር። ሐኪም ቢሳሳት ሰው ይሞታል፣ ሾፌር ቢሳሳት መኪና ይገለበጣል፤ እኔ ብሳሳት ግን አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ይቆጣኛል፣ እኔም መልሼ እቆጣዋለሁ፣ ከዚያ አስተካክላለሁ። እንዲህ ነበር የማስበው።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር፤ አላበዛም። ፕሮግራም ውስጥ «ቤተሰብ» የሚባል ነገር እንፈጥራለን፤ ቤተሰቡ በውስጡ የአባላቱን ዝርዝር ይይዛል። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ግን ይህ ሁሉ ስለሚጠፋ ዝርዝሩ ዲስክ ላይ ባሉ ሠንጠረዦች ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ከፕሮግራሙ ወደ ሠንጠረዡ የሚያመላልስልን ፍሬምወርክ የምንለው ነገር አለ፤ ዝርዝሩን ራሱ ያያል፣ አዲስ ሰው ከገባ ይጽፋል፣ የወጣ ካለ ይሰርዛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ መምህር ስለዚህ ዝርዝር አንድ ነገር እየደጋገመ ያስተምረን ነበር። «ዝርዝሩ የሰው ጓዳ ነው፤ እንግዳ ዘው ብሎ አይገባበትም» ይላል። ሰው መጨመር የፈለገ ቤተሰቡን ይጠይቅ፣ ቤተሰቡ ራሱ መርምሮ ያስገባ። ማየት ብቻ የፈለገ ደግሞ ዋናው ሳይሆን ቅጂው ይሰጠው፤ ቅጂው ላይ እንዳሻው ቢሞነጭር ዋናው አይነካም። እኔ ከልጅነቴ ዕቃዬን ሰው ሲነካብኝ የምንጨረጨር ስለነበርኩ ይህን ትምህርት ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት።

እናቴ የምትኖረው ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ፀዳ ነው። እኛ ስንገባ ሰፈሩ ገና ጤፍ የሚዘራበት ነበር፤ አሁን ቤት በቤት ሆኗል። የሰፈሩ ዕድር አንድ የቆየ ልማድ ነበረው። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባላቱ በሙሉ ዕድር ቤቱ ይሰበሰቡና ጸሐፊው መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያነባል። የእያንዳንዱን ቤት ሰው በስሙ ይጠራል፤ ባለቤቱ «አለ»፣ «አለች» እያለ ይመልሳል። የሞተ ካለ «ነፍስ ይማር» ይባላል። የተዘለለ ካለ ደግሞ ከኋላ ሰው ይጮኻል፦ «ምነው አማቷን ዘለልካት? ትላንት ገበያ አግኝቻታለሁ!» ሳቅና ጭቅጭቁ ተጨምሮበት ንባቡ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግን ቀልድ አይደለም። በዚያ መዝገብ የሰፈረ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋለታል፣ ድንኳን ይተከልለታል፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣለታል።

አንድ ዓመት አይጥ የመዝገቡን ጥግ በላችው። የዕድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ቁጥብ፣ በንግግራቸው መሀል እንደ ፍሬን የሚይዙ። እናቴን «ልጅሽ ኮምፒውተር ያውቃል አይደል?» አሏት። «ያውቃል» አለቻቸው። በነፃ እሠራለሁ አልኩ፤ እናቴም ያን ሰሞን አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። ሁለት ወር ያህል ስሠራ ቆየሁና አንድ እሑድ ላፕቶፕ ይዤ ሸንጎው ፊት ቆምኩ። የቤተሰቡን ዝርዝር መምህሬ እንዳለው ቆልፌዋለሁ፤ ከውጭ ማንም አይነካውም። «አይጥም አይበላው፣ ሰውም አይሰርዘው» ስል ሳቁ። በሳቃቸው ልቤ ሞቀና ያልተጠየቅሁትን ጨመርኩ፦ «ከእንግዲህ ደግሞ በዓመት ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ ስም መስማት አያስፈልግም። ማሽኑ አይረሳም።» አጨበጨቡ። ንባቡ ቀረ።

እቴን «እቴ» ብላ የጠራቻት እናቴ ናት። ከዚያ ቤታችን በሙሉ፣ በኋላም ሰፈሩ፣ እቴ አላት። ግቢያችን ጥግ ካለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ስትገባ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የወገራ ሰው ናት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገጠር። ወገኖቿ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ አባቷ ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ እናቷና እሷ ሸክላ ይሠራሉ። የአካባቢው ሰው ማረሻቸውን ይፈልጋል፣ ድስታቸውን ይፈልጋል፤ እነሱን ግን ቡዳ ናቸው እያለ ይፈራቸዋል። እቴ አንድ ክርስቲያን ገበሬ ወዳ፣ ተጠምቃ አገባች። ቤተሰቦቿ በቁሟ ለቅሶ ተቀመጡላት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሁሉም ወደ እስራኤል ሄዱ፤ እናት፣ አባት፣ ታናሽ እህቷ ሳይቀሩ። እሷ ቀረች። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሲሞት የባሏ ዘመዶች መሬቱን ያዙና እሷን «ወደ ወገኖችሽ ሂጂ» አሏት፤ ወገኖቿ የት እንዳሉ እያወቁ።

ይህን ሁሉ እየሳቀች ነበር የምትነግረን። «እኔ አንዴ ተለቅሶልኛል» ትል ነበር፤ «የቀረኝ መቀበር ብቻ ነው።» ሳቋ ግን እዚያ ላይ ያቆማል። የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው የሌላት ሆና መቀበር። ሞትን አትፈራም፣ ድህነትን አትፈራም። ከሰፈር ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት፤ ስትመለስ ደግሞ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ ትዘረዝራለች። አንዳንዴ «ዛሬ ሸጋ ቀብር ነበር» ትላለች፣ ሌላው ሰው ስለ ሠርግ በሚያወራበት ድምፅ። ኪራይ ትከፍል የነበረው ለጥቂት ዓመት ነው፤ ከዚያ እናቴ መቀበሉን ተወች፣ ማዕዱም አንድ ሆነ።

ፕሮግራሙን ላስረክብ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ዳኛው ደወሉልኝ። «ጥገኛስ የት ላይ ነው የሚገባው?» አሉኝ። ረስቼው ነበር። የዕድሩ ደንብ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ የሁለቱን ወገን ወላጆች ይቀበላል፤ ከዚያ ውጭ አንድ ቤት የሚያኖረው ሰው ካለ ደግሞ ባለቤቱ ሸንጎ ፊት ቆሞ ይጠይቃል፣ ሰው እጁን ካነሳለት ይጻፋል። ለዚህ ሌላ ገጽ መጨመር ነበረብኝ። መብራት ሊጠፋ ነው እየተባለ፣ ከጓደኛዬ ጋር በማይረባ ነገር እየተነታረክሁ፣ በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት። ሞከርኩት፤ ስም ሳስገባ ስሙ ታየ። በቃ አልኩ።

እናቴ ለእቴ በዚያው በማስረከቢያው እሑድ ተነስታ ጠየቀች። ዳኛው እጃቸውን ከሁሉም ቀድመው አነሱ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ አነሳ። ጸሐፊያችን መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ጣቷ ፈጣን ነው፣ የእቴን ስም ከነአያቷ እዚያው ጻፈችው። ስክሪኑ ላይ ከእናቴ ስም ሥር የእቴ ስም ወጣ፤ ከጎኑ አረንጓዴ ሆኖ «ተመዝግቧል» ይላል። እቴ ማንበብ አትችልም። ወደ እኔ ጠጋ አለችና «የቱ ነው የኔ?» አለችኝ። አሳየኋት። በሌባ ጣቷ ነካችው፣ ጭቃ እንዳይሆን የፈራች ይመስል መጀመሪያ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ። «እዚህ ይኖራል?» አለችኝ። «ይኖራል» አልኳት።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተች። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው። ጠዋት እናቴ ገንፎ ይዛላት ስትገባ አርፋለች። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በዝናብ ወደ ጸሐፊዋ ሱቅ ሄደች፤ ጸሐፊዋ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ፈለገች፣ እንደገና ፈለገች።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ የለችም እኮ።»

«እንዴት የለችም? በጣቷ ነክታዋለች!»

የለችም። ዳኛው አምባ ጊዮርጊስ ለተዝካር ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸዋል፤ ስልካቸውም አይሠራም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ምክትላቸው ዘንድ ነው። እኔ ከፒያሳ በባጃጅ ስደርስ እናቴ በራቸው ላይ ቆማለች፣ ፀጉሯ በሻሹ ሥር ርሷል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ በፊት መዝገብ ውስጥ ለሌለ ሰው ድንኳን አውጥተው ሰፈሩ ዓመት ሙሉ ወቅሷቸዋል። «ለዛሬ ይውጣና በኋላ ይጣራ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተው አይደለህ እንዴ ማሽኑ አይረሳም ያልከን?»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ደቂቃ እኔም ማሽኑን አመንኩ። ጸሐፊዋ በስህተት ሰርዛት ይሆናል አልኩ በልቤ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ጥሩምባ አልተነፋም። ጥሩምባ ካልተነፋ በኛ ሰፈር ማንም ከቤቱ አይወጣም፤ ሰው መሞቱን እንኳ በአጥር ላይ የሰማው «ይነፋል» ብሎ ይጠብቃል። ቄሱ፣ የነፍስ አባቷ፣ ከአንድ ዲያቆን ጋር መጡ። ጎረቤታችን አናጢው መጣ። ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ሁኔታውን አይቶ ሳይሄድ ቀረ። ጓደኛዬ ፒያሳ ያለውን ቢሮ ዘግቶ መጣ። ቆጥሬያለሁ፤ ቄሱንና ዲያቆኑን ጨምሮ አሥራ አንድ ነበርን። ጎንደር ውስጥ አስከሬን ሲወጣ ወንዱ ለመሸከም ይጋፋል፤ ጥቂት እርምጃ ሳትሄድ አንዱ «አምጣ» ብሎ ትከሻህን ይቀበልሃል። እኛን የሚቀበል አልነበረም። ዳገቱ ላይ ጭቃው ሲያንሸራትተን አልጋውን ድንጋይ ላይ አሳርፈን ቆምን። እናቴ ጃንጥላ ይዛለች። ለራሷ አልያዘችውም፤ ለእቴ ነው የያዘችው።

በየበሩ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። አንዳንዱ ነጠላውን አጣፋ፣ አንዳንዱ አማተበ። አንዲት ሴት እስከ ቧንቧው ድረስ ተከተለችንና ተመለሰች። ጥሩምባ ያልተነፋለት ሬሳ አይተው አያውቁም፤ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው ይሆናል።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ በዚያ ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንደፈራችው ሆነ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ከጸሐፊዋ ተቀብዬ ቢሮ ወሰድኩት። ጸሐፊዋን ልይዛት ነበር የፈለግሁት፤ ማን መቼ ምን እንደሰረዘ የሚመዘግብ ነገር ሠርቼበታለሁና። የተሰረዘ ነገር የለም። እቴ አልተሰረዘችም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈችም። በዚያ ከሰዓት በጥድፊያ የጻፍኩትን ገጽ ከፍቼ አነበብኩት። ሰባት መስመር ነው። ቤተሰቡን «ይህን ሰው አስገባልኝ» ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ዝርዝሩን አምጣ ብዬ የመጣው ላይ ስሙን ጨምሬበታለሁ። የመጣው ደግሞ ቅጂው ነበር። ለማንም ዋናውን አትስጥ፣ ቅጂውን ስጥ ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ገጹ ያሳየን ያንኑ ቅጂ ስለሆነ የእቴ ስም ስክሪኑ ላይ ታየ። «ተመዝግቧል» የሚለውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ መመዝገቡን ሳያጣራ እንዲወጣ አድርጌ። ፍሬምወርኩ ዋናውን ዝርዝር ተመለከተ፣ የተለወጠ ነገር አላገኘም፣ ምንም አልጻፈም። ስህተት አለ ብሎም አልጮኸም፤ በሱ በኩል ስህተት የለማ። ገጹ ሲዘጋ ቅጂው ጠፋ፣ እቴም አብራ ጠፋች። በሁለት ዓመት ውስጥ እጅ ተነስቶላቸው የገቡ ጥገኞች ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም የሉም። ስድስቱ ስላልሞቱ ነው ማንም ያላወቀው።

መስከረም ላይ ንባቡ ቢኖር ኖሮ እናቴ «እቴስ?» ትል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር። እሱንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ገጹን አስተካከልኩ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ይህ ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። ስድስቱን ዳኛው ቤት ከሚቀመጠው ቃለ ጉባኤ እያየሁ መልሼ አስገባኋቸው። ከዚያ የእቴን ስም ጻፍኩ። ተመዘገበ፤ አሁን በእውነት ሠንጠረዡ ላይ አለ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልደብቅም። አሁን መዝገቡ ላይ አለች፤ «ነበረች እኮ፣ ጸሐፊዋ ፈልጋ አላገኘቻትም እንጂ» ብል ማን ያውቅብኛል? ጸሐፊዋን እወዳታለሁ፣ ሰላምታዋ ከሩቅ ነው የሚጀምረው። ለጥቂት ጊዜ ግን ልሸጣት ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ስሙን ሰረዝኩት። ሞታለች፤ የሞተ ሰው መዝገብ ላይ አይኖርም።

ሰረዝኩት እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ቀናት አለፉ። እናቴ ደግሞ በነዚያ ቀናት ለራሷ መልስ አገኘች።

በወሩ ስብሰባ ተነስታ ቆመች። እናቴ በሰው ፊት የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ለእቴ እጅ አንሱልኝ ያለች ጊዜ እንኳ ድምፅዋ አልተሰማም ነበር። ዳኛው ከአምባ ጊዮርጊስ ተመልሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«አያ ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እቴን ምነው ሰረዛችኋት?»

«እኔ አልሰረዝኩም፣ እመቤቴ። እኔም እንደሰማሁ ግራ ነው የገባኝ።»

«ግራ አይግባዎ። ወገኗን አይታችሁ ነው። በሕይወቷ ድስቷን ገዛችሁ፣ ስትሞት ቡዳ ሆነችባችሁ። ይሄው ነው። ክርስትናዋን እንኳ አልቆጠራችሁላትም።»

ዳኛው ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እኔ?» አሉ። «መጀመሪያ እጄን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም ወይ?» እጃቸውን እንደዚያን ዕለት ከፍ አደረጉት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በሰፈሩ ሰው ፊት እጁን አንስቶ ሲቆም አየሁ፤ ከዚያ በኋላም ቁጭ ብዬ ነበር። ይህን መጻፍ ያስጠላኛል። የተነሳሁት እናቴ ነጠላዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አስረዳኋቸው። ቅጂውን፣ ዋናውን፣ ሰባቱን ሰዎች። ገባቸው፤ ለመረዳት ከባድ ነገር አይደለም። ጸሐፊዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ያን ሁሉ ቀን እሷም ራሷን ስትጠረጥር ነበር። ዳኛው እጃቸውን አውርደው ተቀመጡ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማኝ። ሰዎች እርስ በርሳቸው ይያዩ ጀመር። «ማሽኑ ነው እንዴ!» አለ አንዱ። «ኧረ ኮምፒውተሩ ነው!» አለ ሌላው። ተገላገሉ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። አንዳንዱ «አይዞህ፣ ሰው አይደለህ? ይሳሳታል» አለኝ።

እናቴ በሩ ጋ ቆማ ስትሰማ ነበር። እኔን አላየችኝም። እነሱን ነው ያየቻቸው።

«እሺ፣ ማሽኑ አልያዛት» አለች። «እጅ ያነሳችሁላት ግን እናንተ ናችሁ። ስንሸከማት በየበራችሁ ቆማችሁ ስታዩን፣ ‹ቆይ፣ ይቺን ሴት እጅ አንስተንላት ነበር› ያለ አንድ ሰው ጠፋ? ምክትልዎም አንስተዋል። ጸሐፊዋም በእጇ ጽፋታለች። እኔ ከማሽን ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

ምክትሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ፣ መልሰው አዞሩ። ወጣች።

ለአርባዋ ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ደንቡ ለአርባ ድንኳን አይፈቅድም፤ ዳኛው ግን «በኔ ይሁን» አሉ። ሰው መጣ፣ ግቢያችን አልበቃ ብሎ መንገዱ ላይ አግዳሚ ተደረደረ። ምክትሉ ራሳቸው ሲያስተናግዱ ዋሉ። ዳኛው እናቴን ይቅርታ ጠየቋት፣ እሷም ስለ ስድቧ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ ተቃቀፉ። እኔም ማታ ሰው ሲበተን ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ሳህን እያነሳች ነበር። «እኔን ምን አድርገኸኝ?» አለችኝ። «የሷ ነው። እኔ በሷ ፈንታ ይቅር የምልህ ከየት አምጥቼ ነው?» ከዚያ እራት በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ ከውጭ አገር። እናቴ አነሳችና ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው፤ ጆሮዋ ላይ ስትይዘው አይሰማትም። የሴት ድምፅ ነው፣ የጠና ድምፅ፣ አማርኛው የወገራ አማርኛ ሆኖ እንደቆየ። የእቴ ታናሽ እህት ናት። ወገራ ካለች አንዲት የድሮ ጎረቤታቸው ጋር አልፎ አልፎ ይደዋወላሉ፤ መሞቷን የነገረቻት፣ የእናቴንም ቁጥር አፈላልጋ የሰጠቻት እሷ ናት።

አለቀሰች። እናቴም አለቀሰች። ሴትዮዋ ስለ ሁለቱ ልጅነት አንድ ሁለት ነገር አወራች፤ ጭቃ ሲያመጡ የሚሻገሩት ወንዝ፣ እቴ ተሸክማ ያሻገረቻት። ሰላሳ ዓመት ሳትደውልላት መቅረቷን አነሳች፤ መጀመሪያ አባቷን ፈርታ፣ አባቷ ሲሞቱ አፍራ። ከዚያ፣ ትልቁን ነገር ለመጨረሻ እንዳቆየ ሰው ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እንዲያው፣ ሰው ነበራት? ስትቀበር?»

እናቴ አፏን ከፈተች። መዋሸት አትችልም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሞክራ ያልቻለችው ነገር ነው። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ንገራት» አለችኝ በሹክሹክታ።

ስልኩን ያዝኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ የቤቱ ልጅ፣ እቴ ያሳደገችው።

«ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር» አልኳት። «መንገዱ አልበቃም።»

«ምኑን ነው የምትለኝ፣ ልጄ?»

«ለመሸከም ሰው ይጋፋ ነበር።»

ሴትዮዋ ከዚያ ማዶ እልል ማለት የቃጣት ይመስለኛል። ከዚያ መረቀችኝ። የአገሯን ምርቃት ለብዙ ዘመን የሚቀበላት አጥታ አጠራቅማ እንደቆየች ሁሉ አንዱን ከአንዱ እያስከተለች፤ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እጅህን አይንሳህ፣ ከክፉ ይሰውርህ። እኔ በየመሀሉ አሜን እላለሁ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለችኝ፦

«አሟሟትህን ያሳምርልህ፣ ልጄ። አንተንም እንደ እህቴ አድርጎ በሰው ያስቀብርህ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምርቃት አይመለስም፣ አይታረምም።

«አሜን» አልኳት።